ወንድሜን ላመጣ ጋምቤላ የሄድኩ ጊዜ

ሰኞ፣ ከአዲስ አበባ እስከ ጅማ

ጋምቤላ የሄድኩት ለሽርሽር አይደለም፤ ወንድሜን ላመጣ ነው። እናታችን ወይዘሮ አማረች ከሞተች ሁለት ወር ሊሆናት ነው። መርዶው የደረሰኝ ከተቀበረች በኋላ ነበር፤ የመሥሪያ ቤት ፈቃድ እስካገኝ ደግሞ አርባዋም አለፈ። ታናሽ ወንድሜ ጌታሁን ሠላሳ ሦስት ዓመቱ ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ አእምሮው ዝግ ያለ ነው። ከሦስት በላይ አይቆጥርም፣ ሰኞን ከዓርብ አይለይም፣ ሸሚዙን ገልብጦ ለብሶ ቀኑን ሙሉ ሊውል ይችላል። የምታበላውም፣ የምታጥበውም፣ የምትቆጣውም እናቴ ነበረች። እሷ ከሌለች ማን አለው? እኔ ነኛ!

«እኔ» ለማለት ግን ዘግይቻለሁ። አባታችን፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የክሊኒክ ድሬሰር ሆኖ ጋምቤላ ሲመደብ ሕፃናት ሳለን ይዞን ወረደ። አሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላኝ ለትምህርት አክስቴ ዘንድ አዲስ አበባ ተላክሁ፤ ከዚያ ወዲህ የተመለስኩት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። ላገባ ስል እጮኛዬ «ስንት ናችሁ?» ብሎ ጠየቀኝ። «ለእናቴ አንድ ነኝ» አልኩት። ከዘራቸው እንዲህ ያለ አለ እንዳይሉኝ ፈርቼ ወንድሜን በአፌ ገደልኩት። ትዳሩም አልበረከተም፤ በስድስት ዓመቱ ባልየው ሻንጣውን ይዞ ወጣ። ልጅ የለኝም። እነሆ አሥራ አንድ ዓመት በሁለት ክፍል የቀበሌ ቤት ብቻዬን እኖራለሁ። ታይፒስት ነኝ፤ ብዙ ቀን ሰው የሚያነጋግረኝ «ሸዋዬ፣ ይህንን በሦስት ኮፒ» ለማለት ነው።

ከመነሳቴ በፊት ከመርካቶ የሽቦ አልጋ ገዝቼ በፊተኛው ክፍል ዘረጋሁ። አዲስ ብርድ ልብስም አነጠፍኩበት። በሩን ቆልፌ ስወጣ ዞር ብዬ አየሁት፤ ቤቴ ሰው ሊመጣበት ነው ብዬ ደስ አለኝ። ደስ ያለኝ ለእሱ ይሁን ለራሴ ያን ጊዜ አልጠየቅሁም።

አውቶቡሱ በአሥራ ሁለት ሰዓት ተነሳ። ወልቂጤ ላይ ለቁርስ ወረድን፣ የግቤን ቁልቁለት ስንወርድ ሰው ሁሉ ጸጥ አለ፣ ዳገቱን ስንወጣ ወሬው ተመለሰ። አጠገቤ የተቀመጠ የቡና ነጋዴ ወዴት እንደምሄድ ጠየቀኝ። ጋምቤላ ስለው ዓይኑ ፈጠጠ። «ዘመድ አለሽ እዚያ?» አለ። «ሥራ ነው» አልኩት። አመል መጥፎ ነው፤ ለማላውቀው ሰው እንኳ እዋሻለሁ።

ማክሰኞና ረቡዕ፣ ከጅማ በመቱ ወደ ጋምቤላ

ከጅማ መቱ ቀኑን ሙሉ ዝናብ ነበር። ከበደሌ ወዲያ ጭቃው ጎማ ይዞ ሁለት ጊዜ ወርደን ገፋን። ሴቶቹ አንገፋም ብለው ዳር ቆሙ፤ እኔ ጫማዬን አውልቄ ገፋሁ። ሾፌሩ «እናት ዓለም፣ ጀግና ነሽ!» ሲለኝ እንደ ልጅ ኮራሁ። በሁለት ቀን ውስጥ ከሰው አፍ የሰማሁት ደግ ቃል እሱ ብቻ ስለሆነ ይሆናል። መቱ አደርኩ፤ አልጋ ስድስት ብር፣ ቁንጫው በነፃ።

ረቡዕ ከጎሬና ከቡሬ በኋላ መንገዱ ቁልቁል ይወርዳል። ሰው በየመታጠፊያው አንድ አንድ ልብስ ያወልቃል፤ መጀመሪያ ጋቢ፣ ቀጥሎ ሹራብ፣ በመጨረሻ ወንዶቹ በካናቴራ ቀሩ። ሙቀቱ በመስኮት ሲገባ የምድጃ አፍ የተከፈተ ይመስላል። ዝንጀሮዎች መንገድ ዳር ተቀምጠው አዩን። ከዚያ ሜዳው፣ ረጅሙ ሣር፣ ከሩቅ ደግሞ ባሮ ታየ። ልጅነቴ ያለፈበት ወንዝ ነው።

ጋምቤላ ክልል ከሆነች ገና ቅርብ ነው። ያረጀው ቤት ሁሉ አዲስ ሰሌዳ ተለጥፎበታል፤ «ክልል አሥራ ሁለት» ከሚለው ፊደል የወረደው ቀለም ገና አልደረቀም። ቦርሳ የያዙ አዳዲስ ሹማምንት ኒም ዛፍ ጥላ ሥር ቆመው በአማርኛም በእንግሊዝኛም በየቋንቋቸውም ይከራከራሉ። ማንጎ ሦስቱ በአንድ ብር ገዝቼ እየበላሁ በእግሬ ወደ እናቴ ሠፈር፣ ወደ ኒውላንድ አቀናሁ።

የእናቴ በር በሲባጎ ታስሯል። ጌታሁን የለም። ዞር ስል፣ ከጎረቤት የሸምበቆ አጥር ላይ ቀይ የብረት ኩባያ በሽቦ ተንጠልጥሎ አየሁ። ጠርዙ የተላጠ፣ እጀታው የተጣመመ። የጌታሁን ኩባያ ነው! አባቴ ሁለት ገዝቶ ነበር፤ ቀዩ የእሱ፣ ሰማያዊው የእኔ። ደሜ ፈላ። ኩባያው ከቤት ወጥቶ አጥር ላይ የሚሰቀለው ለለማኝ ነው፣ ወይም በሽታው ይጋባል ለተባለ ሰው ነው። በእናቴ ሞት ማግሥት ወንድሜን እንዲህ አደረጉት!

ግቢው ውስጥ አንዲት ረጅም የኑዌር ሴት ቁጭ ብላ ዓሣ ታጸዳለች። ኛቦል እንደምትባል በኋላ ነው ያወቅሁት።

«ይህ ምን ማለት ነው?» ብዬ ጮህኩባት። «ወንድሜ ውሻ ነው? በውጭ ነው የምታጠጡት?»

እጇን አራግፋ ተነሳች። «አንተ የጌታ እህት ነህ?» አለች በረጋ ድምፅ፤ አማርኛዋ ሴትን ከወንድ አይለይም። «አማረች ፎቶ አሳየኝ። ዛሬ የእኔ ቀን ነው።»

«የምን ቀን? ቀን ይጨልምብሽ!» ብዬ ኩባያውን ከአጥሩ ነጠቅኩና ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ሴትየዋ ልታስረዳኝ ስትል ጥያት ሄድኩ። ሲባጎውን ፈትቼ ገባሁና የእናቴ አልጋ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። የመንገድ ድካምም ነበረብኝ፤ ሳላስበው እንቅልፍ ወሰደኝ።

የቀሰቀሰኝ የሰው ድምፅ ነው። ፀሐይ አዘቅዝቃለች። ደጅ ላይ ሰው ተሰብስቧል፤ ፊት የቆሙት ነጭ ቆብ ያደረጉ ሽማግሌ ናቸው። ጋሽ ከድር ናቸው፤ በልጅነታችን ከረሜላ ይሰጡን የነበሩት ባለሱቅ።

«ሸዋዬ፣ እንኳን በደህና መጣሽ። ወሬው በኋላ» አሉ። «ኩባያውን አንሥተሻል?»

«አዎ አንሥቻለሁ! ወንድሜን...»

«ልጄ፣ ጌታሁን ከቀትር ጀምሮ ጠፍቷል።»

እያዋከቡ ነገሩኝ። እናቴ ከሞተች ወዲህ ጌታሁን በተራ ነው የሚበላው፤ አንድ ቀን አንድ ቤት። ቀን ስለማይለይ «ዛሬ የእገሌ ቤት ነው» ቢሉት አይገባውም። ስለዚህ የባለተራው ቤት ኩባያውን አጥሩ ላይ ይሰቅላል። እሱ ሲርበው አጥር ለአጥር እያየ ይሄዳል፤ ኩባያውን ያገኘበት ቤቱ ነው። ማታ ባለተራው ኩባያውን አጥቦ ለነገ ባለተራ ያደርሳል። ይህን ያመጣችው እናቴ ናት፤ ሕመሙ ሲጠናባት በየቤቱ እየዞረች እሷው አስለመደችው። ዛሬ ግን ጌታሁን አጥር ሁሉ ዞሮ ኩባያውን አጣ። ባዶ ሆዱን ሄደ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ጫማ እንኳ ሳላደርግ ሮጥኩ። «ጌታሁን! ጌታ!» ከሚጠሩት ሁሉ ድምፅ እሱ የማያውቀው የእኔን ነው፤ በስሙ ከጠራሁት ሃያ ዓመት አልፏል። ያገኘችው ኛቦል ናት። ባሮ ዳር፣ አዞ የሚወጣበት አሸዋ አጠገብ፣ እስከ ጉልበቱ ውኃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ታቹን እየዳበሰ ነበር። ኩባያው ወንዙ ውስጥ የወደቀ መስሎት ይፈልጋል። ክንዱን ይዛ በቋንቋዋ እየተቆጣች አወጣችው።

እኔን ሲያየኝ አልደነገጠም። «ሸዋ» አለኝ። «ኩባያ የለም።»

ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠሁት። አልተቆጣኝም። ወደ ኛቦል አጥር ሄዶ በቦታው ሰቀለው፤ ከዚያ «አገኘሁት!» ብሎ ሳቀና ሊበላ ገባ። ኛቦል የተጠበሰ ዓሣ አቀረበችልን። ይቅርታ ልጠይቃት ብዬ አፌን ስከፍት «ብላ፣ ብላ፣ ይበርዳል» አለችኝ። በላሁ፤ እንባዬ እየወረደ በላሁ።

ሐሙስና ዓርብ፣ ኒውላንድ

ሁለት ቀን ወንድሜን ተከትዬ ዋልኩ። ሐሙስ ኩባያው ጋሽ ከድር ቤት ነበር፣ ዓርብ ከአንዲት አስተማሪ ቤት። ሰው ሁሉ «ጌታ» ይለዋል። ሴቶቹ ሸሚዙን ገልብጦ ለብሶ ሲያዩት አቁመው ያስተካክሉለታል፤ ወንዶቹ «አንተ፣ ፂምህ!» ብለው ጎትተው ይላጩታል። አንዳንዱ ይቀልድበታል፤ እሱም መልሶ ይሰድባል፤ ስድቡ አንድ ብቻ ነው፣ «አንተ ማንጎ!» የሚል።

ከሁሉ ያስገረመኝ ሥራ እንዳለው ማወቄ ነው። ወንድሜ የእድሩ ጡሩምባ ነፊ ነው። መንግሥት ሲለወጥ ብዙ ደገኛ ጓዙን ጠቅልሎ ወጣ፤ እድሩ ሰው አነሰው። የቀሩት ሙስሊሙንም ክርስቲያኑንም፣ ኑዌሩንም አኙዋኩንም ጎረቤት ብለው አስገቡ። የድሮው ለፋፊም ከወጡት አንዱ ነበርና ጋሽ ከድር፣ የእድሩ ዳኛ ናቸው፣ ጡሩምባውን ለጌታሁን ሰጡት።

«ከሦስት በላይ መቁጠር አይችልም እኮ» አልኳቸው።

«ጡሩምባ የሚነፋው ሦስት ጊዜ ነው» አሉኝ። «ከዚያ በላይ ምን ያደርግለታል? ቃሉን እኔ አስጠናዋለሁ፤ እያንዳንዱን ቤት በበሩ ያውቀዋል። እስከዛሬ አንድ ቤት አልዘለለም።»

«የእማዬንስ?»

«እኔ ልንፋ ብዬ ነበር። አልሰጥም አለኝ» አሉ። «ቀብር ስምንት ሰዓት ነው እያለ ሠፈሩን ሁሉ ዞረ። እንባውን ጡሩምባውን ባልያዘው እጁ እየጠረገ።»

ይህን ሁሉ ሰምቼም ሐሳቤን አልለወጥኩም። ዓርብ ከሰዓት ሁለት ትኬት ቆረጥኩ። ማታ ጋሽ ከድር ሱቅ ሄጄ ነገርኳቸው። ኛቦል ሳሙና ልትገዛ መጥታ ቆማለች።

«እህቱ ነሽ፤ አንከለክልሽም» አሉ ጋሽ ከድር። «ቢሮ ስትሄጂስ ቀን ከማን ጋር ይውላል?»

«በሩን እቆልፍለታለሁ» አልኩ። ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የሰማሁት።

ኛቦል ሳሙናዋን አንሥታ «እዚያ ኩባያው የት ይሰቀላል?» ብላ ጠየቀችኝ። በመመለስ ፈንታ ተናደድኩ። እናንተ እርስ በርሳችሁ አላችሁ፣ እኔ ማን አለኝ? ብዬ በሆዴ ጮህኩ። እውነቱን ለመናገር ያን ጊዜ ለጌታሁን አላሰብኩም፤ ያ የሽቦ አልጋ ባዶውን እንዳይቀር ነበር ያሰብኩት።

ለጌታሁንም ነገርኩት። «ነገ ከእኔ ጋር አዲስ አበባ ትሄዳለህ። እዚያ ትኖራለህ።»

«እመለሳለሁ?»

«አትመለስም። አዲስ አልጋ ገዝቼልሃለሁ።»

«እማዬም አትመለስም» አለና ተኛ።

ቅዳሜ፣ መመለሻ

ሲነጋጋ ስነቃ አልጋው ባዶ ነው። ግድግዳው ላይ ከተሰቀለበት ምስማር ጡሩምባው የለም። ወዲያው ከሩቅ ሰማሁት፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ምስኪን፣ ሰው ሞቶ ሳይቀሰቅሰኝ ወጣ ብዬ ነጠላዬን ለብሼ ወጣሁ። ሰውም ከየቤቱ እየወጣ ነው፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ አንዷ ደረቷን እየደቃች። ኛቦል ከግቢዋ ሮጣ ወጣች። ያኔ ድምፁ ቀርቦ ቃሉ ተለየ።

«እድርተኛ! እድርተኛ! ጌታሁን አርፏል! ከወይዘሮ አማረች ቤት! ቀብር ስምንት ሰዓት ነው!»

በመታጠፊያው ብቅ አለ። ንጹሕ ሸሚዝ ለብሷል፤ ገልብጦ አይደለም። ጉንጩ በእንባ ረጥቧል። ሰው ሁሉ በያለበት ቆመ። አንዱ ሊስቅ ጀምሮ ተወው።

ጋሽ ከድር ቀርበው ትከሻውን ያዙት። «አንተ፣ ማን ሞቶ ነው?»

«እኔ።»

«ቆመሃል እኮ፣ አንተ!»

«እሄዳለሁ። አልመለስም። ሄዶ የማይመለስ ይነፋለታል።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «ሸዋ ስትሄድ እማዬ አለቀሰች። ያን ጊዜ ጡሩምባ አልነበረኝም።»

እኔ መንገዱ መካከል አፈሩ ላይ ቁጭ አልኩ። ይህ ሰው ከሃያ ዓመት በላይ፣ ሳይነፋልኝ የሄድኩትን እኔን ሲያስብ ኖሯል፤ እኔ ደግሞ «ለእናቴ አንድ ነኝ» እያልኩ። ሴቶቹ እንደ ለቅሶ ቤት ዙሪያዬን ተቀመጡ። አንዷ ለእሱ ታለቅሳለች፣ አንዷ ለእናቴ፤ እኔ ለማን እንዳለቀስኩ አውቃለሁ።

ሳበቃ ተነሳሁና «ጌታ፣ አትሄድም። መልሰህ ንፋ። ስህተት ነው በላቸው» አልኩት። ጋሽ ከድርን አያቸው። እንዲህ ያለ ቃል አስጠንተውት አያውቁም። ጥቂት አስበው በጆሮው ሹክ አሉት። ሦስት ጊዜ ነፋና «እድርተኛ! ጌታሁን አለ!» ብሎ ጮኸ። ያን ጊዜ ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ኛቦልም ነጠላ የሌለው ራሷን ይዛ ሳቀች።

ወደ አውቶቡስ ተራ ቦርሳዬን ተሸክሞ ሸኘኝ። የእሱን ትኬት ለአንዲት የጎሬ ሴት ሰጠኋት። አውቶቡሱ ሊነሳ ሲል መስኮቱን ቆረቆረ።

«ቤትሽ በሩ ምን ዓይነት ነው?»

«ሰማያዊ። የብረት በር ነው። ለምን?»

«ስትሞቺ እንድነፋልሽ።»

«እሺ» አልኩት። ሌላ ምን እላለሁ?

መንገዱ ላይ ከዳገቱ ጋር ሰው ልብሱን መልሶ ይለብሳል። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ማንን ጠይቄ እንደምመለስ ጠየቀችኝ። «ወንድሜን» አልኳት። «የእድር ጡሩምባ ነፊ ነው።» እስከ ጎሬ ስለ እሱ አወራኋት፤ ጎሬ ስትወርድ ወሬዬ አላለቀም ነበር።

ሰኞ ማታ፣ ቤት

ቤቴ እንደቆለፍኩት ነው። የሽቦ አልጋው አለ፣ ብርድ ልብሱም አልተነካም። ሻይ አፍልቼ ብቻዬን ጠጣሁ። ይህ ጉዞ ያስተማረኝን ጻፊ ብባል፣ እንክብካቤ የሚባለው ነገር የአንድ ደግ ሰው ሥራ አይደለም እላለሁ፤ የብዙ አጥር ሥራ ነው። የእኔ ቤት አንድ በር ነው፤ ያውም የተቆለፈ። ወንድሜን ከዚያ ሁሉ አጥር ነጥቄ ወደዚህ ላመጣው ነበር። አዝኜለት ነው የሄድኩት፤ ሲሸኘኝ ግን ያዘነልኝ እሱ ነው።

ማክሰኞ ንጋት ላይ፣ ለቢሮ ስነሳ፣ በሠፈራችን ጡሩምባ ተነፋ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ይህን ድምፅ ስሰማ ትራሴን ጆሮዬ ላይ አድርጌ የምተኛ ነበርኩ፤ እድርም አልገባሁ፣ ለቅሶም አልደረስኩ። አሁን ተነሳሁ። ነጠላዬን አዘቅዝቄ ወጣሁ። ሴቶች ተሰብስበው ወደ ታች እየሄዱ ነው፤ ተቀላቀልኳቸው።

«የማን ቤት ነው?» ብዬ አንዲት አሮጊት ጠየቅሁ።

ሴትየዋ ቆም ብለው ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። «የወይዘሮ ብርቄ ነዋ፣ ከመስጊዱ በታች» አሉ። «አንቺስ ልጄ፣ አዲስ ነሽ? ከየትኛው ቤት ነሽ?»

ዞሬ በጣቴ አሳየኋቸው። «ከዚያ ከሰማያዊው በር» አልኳቸው።